በሶ ቋጥሬ የተቀበልሁት ተመላሽ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ልብስ የሰፋሁለት ሰው ሁሉ ይመሰክርልኛል። ውሻ እፈራለሁ። ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዤ እየዋልሁ የጤና ጣቢያ መርፌ እፈራለሁ። ቀንድ ያለው ከብት ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። የገበሬ ልጅ ሁኖ በሬ የሚፈራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ እኔን እዩ። ልብስ ሰፊ የሆንሁት ሙያውን ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ የስፌት መኪና ቀንድ ስለሌለው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እፈራለሁ። ውሻ ቢነክስ ክትባት አለ። ማኅተም ለነከሰው ሰው የሚሆን መድኃኒት እስካሁን ያሳየኝ የለም።

አገራችን «ፈሪ ለእናቱ» ይላል። ጎበዙ ሜዳ ላይ ሲቀር ፈሪው ሸሽቶ በሰላም ለእናቱ ይገባላታል ለማለት ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን በዚህ ተረት ስጽናና ኖሬአለሁ። ለሌላ ለማንም ባልረባ እንኳ እናቴን አላስለቅስም እል ነበር። እስካለፈው ግንቦት ድረስ ማለቴ ነው።

እናቴን እምዬ ነው የምላት። ከጅጋ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብላ ብቻዋን ትኖራለች። ቤቷ ረዘም ያለ ሰቀላ ነው፤ በአንዱ ወገን እሷ ትተኛለች፣ በሌላው ወገን ጊደሯ። የሣር ክዳኑ አባቴ ከሞተ ወዲህ አልታደሰም። አምና ክረምት ልጠይቃት ብሄድ አልጋዋን በአራቱም ማዕዘን አዙራ አዙራ ደረቅ ቦታ ስታጣ፣ በሩ ሥር ዘንቢል በራሷ ላይ ደፍታ ተቀምጣ አገኘኋት። «ከርሞ ቆርቆሮ አለብስልሻለሁ» አልኋት። ይህን ስላት ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። «እሽ ልጀ» አለችኝ። የእምዬ ክፋቷ ይኸ ነው፤ አትቆጣም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት እየተጋመሰ ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ ቁጭ ብዬ የአያ ቢምረውን ኮት ክርኑ ላይ እራፊ እጥፋለሁ። አያ ቢምረው የእምዬ ጎረቤት ናቸው፤ ከተማ በመጡ ቁጥር እኔ ጋ አረፍ ሳይሉ አይመለሱም። አንዲት ሴት በሩ ላይ ብቅ አለችና ስሜን ጠርታ «ከገቢዎች ነው፤ ፈርመህ ተቀበል» አለችኝ። ፈርሜ ተቀበልሁ። ወረቀቱ «በአስቸኳይ ቀርበው እንዲያነጋግሩን» ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለ። ክብ ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም ነው።

መርፌውን ኮቱ ላይ እንደ ሰካሁ ተውሁት።

እናንተ ይኸኔ «ምን አጥፍተህ ነው?» ትሉኛላችሁ። ያጠፋ ሰው እኮ ቢያንስ የሚጠየቅበትን ያውቃል፤ መከራው ለንጹሑ ነው። ደግሞ ሳስብ ሳስብ እኔም ሁለት ኃጢአት ተገኘብኝ። አንደኛው፣ አምና የተጣለብኝ ግብር በዝቷል ብዬ ቅሬታ አስገብቼ ነበር። ደፍሬ አይደለም፤ የሠፈሩ ልብስ ሰፊ ሁሉ ሲያስገባ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ግብሩንም ቢሆን ሙሉውን ከፍያለሁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ያወቅሁት ግን ካስገባሁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ኃጢአት ይብሳል፤ የሱሪ ነገር ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከወር በፊት ግራጫ ሱሪያቸውን እንዳጠብላቸው ሰጥተውኝ ነበር። ቆመው ለካኋቸው፣ በቆሙበት ልክ አጠበብሁት። ሰው እንደሚቀመጥ ከሃያ ዓመት ሙያ በኋላ እንዴት እንደረሳሁት ፈጣሪ ይወቀው። ስብሰባ ላይ ሊቀመጡ ዝቅ ሲሉ ከኋላ ተተረተረ አሉ። ድምፁ መጨረሻ ወንበር ድረስ ተሰማ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ጽሕፈት ቤት በኩል አልፌ አላውቅም።

አያ ቢምረው ፊቴን አይተው ደነገጡ። «ምነው ልጄ? ምን ይላል?»

«ገቢዎች ጠርተውኛል አያ። እንግዲህ ከሄድሁ መመለሴን እንጃ። እምዬን አደራ!»

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ኮታቸውን ደርበው እያዘኑ ወደ ጅጋ ሄዱ።

ማታ ለባለቤቴ ለትጓደድ ወረቀቱን አሳየኋት። ትጓደድ ከእኔ ትሻላለች፤ እሷ የምትፈራው ምክንያት ሲኖር ነው። አንብባ ስትጨርስ ግን ተነሥታ በሶ ፍለጋ ጓዳ ገባች።

«በሶው ለምንድን ነው?» አልኋት።

«አጎቴን ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ ብለው ጠርተውት መቼ ተመለሰ? ባዶ እጅህን አትሄድም።»

ጠዋት በሶውን በጨርቅ ቋጠረችልኝ፣ ጋቢ አለበሰችኝ፣ አንድ ሳሙና ጨመረችልኝ። «ሳሙናው ደግሞ?» ብላት «ከቆየህ» አለችኝ።

በግንቦት ፀሐይ ጋቢ ተከናንቤ፣ ቋጠሮ አንጠልጥዬ ስወጣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ውበቱ በራቸው ላይ ቆመዋል። «በደኅና ነው?» አሉኝ። ወንድ ልጅ ቢሆን «በደኅና ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ «ጋሼ፣ ገቢዎች ናቸው የጠሩኝ። በድየዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ። ሽማግሌው ደንግጠው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ጽሕፈት ቤቱ ደረስሁ። አግዳሚው ላይ በሶዬን አቅፌ ቁጭ አልሁ። አጠገቤ የነበረ ነጋዴ ቋጠሮዬን አይቶ «እስረኛ ልትጠይቅ ነው?» አለኝ። «አይ፣ እኔው ነኝ» አልሁት። ሰውዬው ፈቀቅ አለልኝ።

ስሜ ተጠርቶ ስገባ ኃላፊው ራሳቸው ከአንዲት ሠራተኛ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመዋል። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ሱሪያቸው ላይ ነው። ሌላ ሱሪ ነው፣ ሰፊ ነው። የቂም ሱሪ መሰለኝ።

«ጌታዬ» አልሁ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ጨርቁን ገዝቼ እተካለሁ። ቆመው ስለለካሁዎት ነው እንጅ አስቤበት አይደለም። እርስዎን የመሰለ ሰው በስብሰባ ማዋረድ እኔ…»

ሠራተኛዋ እስክሪፕቶዋን አስቀመጠች። ነገሩን ያልሰማ ሰው እዚያ ቢሮ ውስጥ ከነበረ በዚያች ደቂቃ ሰማ።

«ስለ ሱሪ ማን ጠየቀህ?» አሉ ኃላፊው ፊታቸው ቀልቶ። «ንገሪው እባክሽ!»

«አምና ያስገቡት ቅሬታ ታይቷል» አለችኝ ሠራተኛዋ። «ግብሩ በዝቶብዎት ኑሯል። በትርፍ የከፈሉት ይመለስልዎታል። የባንክ ቁጥርዎን ይስጡኝ።»

ይመለስልዎታል! ከዚህ በፊት እንዲህ የሚያስፈራ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሲወስዱ አውቀዋለሁ፤ ይወስዳሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ፣ አለቀ። ሲመልሱ ምን እንደሚደረግ ያስተማረኝ የለም።

«ይቅርብኝ» አልኋት።

«ምን አሉ?»

«ገንዘቡ ይቅርብኝ። እናንተው ጋ ይቀመጥ፤ እኔ ቅር አይለኝም።»

መሳቢያዋን ከፍታ ወረቀት አገላበጠች፣ ዘጋች፤ ሌላውን ከፈተች። «ይቅርብኝ የሚል ቅጽ የለንም» አለችኝ። የባንክ ቁጥሬን ሰጥቼ ፈረምሁ። ልወጣ ስል ኃላፊው ከኋላዬ «የሱሪውን ነገር በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸና ገንዘቡ ገባ። የእምዬን ጣሪያ ቆርቆሮ ከነምስማሩና ከነአናጢው የሚችል ገንዘብ ነው። ቆጥሬ ሳልጨርስ ላብ አጠመቀኝ።

«ለማንም እንዳትናገር!» አለች ትጓደድ። «ሲጠይቁህ እግዜር ያውቃል በልና ዝም በል። ተበዳሪው ነው የሚሰለፍብን።»

እግዜር ያውቃል ማለት ደግሞ እኔ እችልበታለሁ። ጋሽ ውበቱ «እንዴት ሆንህ?» ሲሉኝ «እግዜር ያውቃል ጋሼ» እላለሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግበት? ትጓደድ ኦቨርሎክ እንግዛ አለች። ኦቨርሎክ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም መኪና ነው፤ እኛ ስለሌለን ከመንገድ ማዶ ላለው ተፎካካሪያችን እየከፈልን ነው የምናስዘመዝመው። እኔ ልቤ እምዬ ጣሪያ ላይ ነው። ግን ገንዘቡን መንካት ፈራሁ።

«ተሳስተው ቢሆንስ?» አልኋት። «ነገ መልስ ቢሉኝ ምን ልሆን ነው? ከእናቴ ቤት ቆርቆሮ ነቅዬ ተሸክሜ ልሂድ?»

«ፈርመህ የለም እንዴ?»

«የፈረምሁት እኮ ነው የሚያስፈራኝ።»

በየቀኑ ባንክ እሄዳለሁ። ገንዘቡ መኖሩን ጠይቄ እመለሳለሁ። ካለ እፈራለሁ፤ ባይኖር ደግሞ ልሞት ነው። የባንኩ ዘበኛ ለመደኝ። ከሲታ ሆንሁ፤ የራሴን ሱሪ ሁለት ጊዜ አጠበብሁ፣ ቁጭ ብዬ ለክቼ። ሰማዩ በምዕራብ በኩል መጥቆር ሲጀምር ትጓደድ ራሷ ተሸነፈች።

«ስማ፣ ኦቨርሎኩን ትቼዋለሁ። ሰኔ ሊገባ ነው፤ ለእናትህ ቆርቆሮውን ግዛ።»

«ትንሽ እንይ» አልሁ።

«ምኑን ነው የምናየው?»

«ገቢዎች ዝም ካሉ።»

«ዝናቡ ግን ዝም አይልም» አለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ። እውነቷን ነው። እኔም አውቃለሁ። ግን ፈሪ ሰው እውነት ስለነገሩት አይነሣም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ውበቱና ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው ገቡ። ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ውበቱ፣ «ምን ያህል እንደጣሉብህ አንጠይቅህም። የሰው ቁስል አይነካካም። ባንክ ስትመላለስ አይተናል፤ ሰውነትህም እያለቀ ነው። ሰው ያለ ሰው አይቆምም። ይችን ጎረቤት ነው ያዋጣት፤ ትንሽ ናት፣ አትናቃት።» ፖስታ ዘረጉልኝ።

ትጓደድን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። አፌ «ኧረ ጋሼ፣ ተመልሶልኝ ነው!» ሊል ተከፈተ። ምን ዋጋ አለው፣ እጄ ቀደመውና ፖስታውን ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ መርቀውኝ ሄዱ። የጋሽ ውበቱ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

ወይ ጣጣዬ! ፖስታውን ከአዝራር ሣጥኑ ሥር ቀበርሁት። ከሰው የሚወስዱትን ስፈራ ኖሬ፣ የሚሰጡት ሲመጡብኝ የምገባበት ጠፋኝ። ለሌባ በር ይዘጋል። ለነዚህ ምን ይዘጋል?

ከዚያ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ጫፍ እያጠፍሁ ቀና ስል፣ እምዬ በሩ ላይ ቆማለች። አቧራ በአቧራ ሁናለች። ገብታ ሰላም አላለችኝም። እጄን ያዘች፣ አንጓዬን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ትከሻዬን ዳሰሰች።

«አለህ?» አለችኝ።

«አለሁ እምዬ። የት እሄዳለሁ?»

«ቢምረው እንዳልደነግጥ ደብቆኝ ሰንብቶ፣ ትናንት ወዲያ ወስደውታል አለኝ። እምዬን አደራ ብሎኛል አለኝ። እኔማ እስር ቤቱን እየጠየቅሁ ነው የመጣሁ፤ ሰው ነው ሱቁ ውስጥ አለ ያለኝ። ለቀውሃል? የቀረብህ ስንት ነው?» መቀነቷን ፈታች። ከውስጡ የተጠቀለለ ብር አወጣችና ስፌት መኪናው ላይ አኖረችው። «ይኸው። ትናንት ጅጋ ወስጄ ቦሪትን ሸጥኋት።»

ቦሪት ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ግንባሯ ነጭ የሆነች ጊደር ናት። እናቷ የሞተች ዕለት እምዬ በጣቷ ወተት እያጠባች ያሳደገቻት፣ አሁን የመጀመሪያ ጥጃዋን ያረገዘች፣ እምዬ በዓለም ላይ አለኝ የምትላት ከብት ናት። እኔ እንኳ ስሄድ ከሩቅ ነው ሰላም የምላት። እኔ ፈሪው ተደብቄ ስቀመጥ እናቴ ስለ እኔ ጦር ሜዳ ወጥታ ኑሯል።

«እምዬ» አልሁ ብሩን መልሼ እየዘረጋሁላት። «እምዬ፣ ምንም አልተጣለብኝም። የተመለሰልኝ እንጅ።»

«ማን መለሰ?»

«መንግሥት።»

«በስመ አብ! መቼ?»

«አሥራ አምስት ቀን አለፈው።»

«ቤቴን ቆርቆሮ አልብሰህልኝ ቢሆን ኖሮ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ደኅና መሆንህን በዚያ አውቅ ነበር።» የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ሸፈነች። እምዬ አለቀሰች። በጣም አፈርሁ። ደንበኛዬ ቀሚሷን ሳትወስድ ቀስ ብላ ወጣች።

«ማን ነው የገዛሽ?» አለች ትጓደድ ከጓዳ ወጥታ፤ እሷም ደንግጣ አንደበቷ ተያይዞባት ነው። «ማለቴ ቦሪትን ማን ገዛዎት፣ እናቴ?»

«የቡሬ ነጋዴ ነው። ዛሬ ቡሬ ያድራሉ፣ ነገ በመኪና ይጫናሉ ሲል ሰምቻለሁ። ወዴት እንደሚጫኑ እንጃ። አርደው ይበሏት ይሆናል፤ እርጉዝ መሆኗንስ ማን ይነግርላታል?»

ይህን ጊዜ የመጣብኝ ፍርሃት እስከዛሬ ከማውቀው ሁሉ ሌላ ነው። እግር አለው። ተነሥቼ ባንክ ሮጥሁ፤ ገንዘቡን ሙልጭ አድርጌ አወጣሁ። ዘበኛው «ዛሬስ ቆረጥህ» አለኝ።

እንዲህ ያለ ብር በኪስ ይዞ መሄድ ደግሞ በእኔ አቅም አይቻልም። ስለዚህ የእምዬንም የእኔንም አንድ ላይ አድርጌ የኮቴ ገበር ውስጥ ከትቼ ሰፋሁት። በድርብ ስፌት ነው፣ ዳር እስከ ዳር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጠንካራ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። ያችን ስፌት ለኃላፊው ሱሪ ባውላት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱን «መንገዱ ክፍት ነው?» አልሁት። «እስካሁን» አለኝ። በዚህ ቃል ተሳፈርን። እስከ ቡሬ ድረስ እምዬ ስትጸልይ፣ እኔ ኮቴን አቅፌ አንድም ሰው ቀና ብዬ ሳላይ ደረስን።

የቡሬን የከብት ገበያ ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ለእኔ ሜዳ ሙሉ ቀንድ ነው። የእምዬን ነጠላ ጫፍ ከኋላ ይዤ በመሀል ለመሀል ሄድሁ። ያየን ሁሉ ሳቀ። ነጋዴውን እምዬ ከሩቅ ለየችው፤ ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ዱላውን የተደገፈ ሰው ነው። ቦሪትም ከሌሎች ጊደሮች ጋር ታስራለች።

«እምዬ፣ ስሚኝ» አልኋት። «አንቺ እዚህ ራቅ ብለሽ ቁሚ። እንደማናውቃት እንሁን፤ ካወቀብን ዋጋ ይሰቅልብናል።» እሽ ብላ ቆመች። እኔ እንደ ባለ ገንዘብ ተንጠባርሬ ጠጋ አልሁና «ይህች ጊደር ስንት ነች?» ልል ስል፣ ቦሪት እምቧ! አለች። ገመዱን ስባ፣ ችካሉን ነቅላ፣ እኔን ገፍትራ ሄዳ አፍንጫዋን የእምዬ ብብት ውስጥ ከተተችው። እምዬም አንገቷን አቅፋ «እኔ ልሙት፣ እኔ ልሙት» ትላታለች።

ነጋዴው ዱላውን አስተካከለና ፈገግ አለ። «እናት፣ ይህች ጊደርማ ዘመድዎ ናት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ ተነሣ እንጅ። እንነጋገር።»

«ትናንት የገዛህበትን ይኸው እንስጥህ» አልሁት ከመሬት ሁኜ።

«ትናንት ጅጋ ነበረች፤ ዛሬ ቡሬ ናት። ደግሞ ሁለት ነፍስ ናት።»

«የለንም። ከዚያ በላይ ሳንቲም የለንም።»

«እሱን አምጣና እናየዋለን።»

ላወጣለት ኮቴን አወለቅሁ። መቀስ ረስቻለሁ። ድርብ ስፌት፣ ዳር እስከ ዳር! በጥፍሬ ብል እምቢ፣ በቁልፍ ብል እምቢ። ገበያተኛው ከበበን። በመጨረሻ ገበሩን በጥርሴ ይዤ ስጎትተው እንደዚያ ሱሪ ከላይ እስከ ታች ተተረተረና ብሩ ሁሉ፣ የእምዬም፣ የመንግሥትም፣ መሬት ላይ ፈሰሰ። ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ እየለቀመ ቆጠረልኝ። ቆጥሮ ሲጨርስ የቦሪት ዋጋ ያው ያህል ሆነ።

ተለማመጥሁ፣ በእመቤታችን አልሁት። ቢጨንቀው ለመኪና ኪራይ የምትሆን ቀነሰልኝ። እንግዲህ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁበት ጥያቄ በዚህ ተፈታ። ተመላሹን በምን ላይ እናውለው ስንል፣ የራሳችንን ጊደር መልሰን ገዛንበት።

አይሱዙ ተከራየን። እምዬ ጋቢና ገባች። «ገመዷን የሚይዝ ያስፈልጋል» አለ ሾፌሩ። እኔ ከኋላ፣ ቦሪት አጠገቤ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ቀንዷ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ ዳር። የማውቀውን ውዳሴ ማርያም ሁሉ ጨረስሁ። ፍኖተ ሰላም ከተማ መሀል ስናልፍ ጋሽ ውበቱ ከበራቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። ገበሩ የተንጠለጠለ ኮት ለብሼ፣ ከጊደር ጋር ቆሜ። እጄን አነሣሁላቸው። ምን ይደረግ?

በማግሥቱ ፖስታውን ይዤ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ተመላሹን፣ ዝምታዬን፣ እጄ ከአፌ መቅደሙን። ጋሽ ውበቱ ሲቆጡ አይቼ ስለማላውቅ ምን እንደሚመስሉ አላውቅም፤ ያ ነው ያስጨነቀኝ። ፖስታውን አገላብጠው አዩት።

«የሰጠንህ ለችግርህ ነው» አሉ። «አሁን ችግር የለብህም?»

«አለብኝ ጋሼ።»

«ምን?»

«የእናቴ ጣሪያ።»

«ታዲያ እሱን አትነግረንም ኑሯል?» ቆጣ አሉ፤ አየሁት፣ እንደፈራሁት አይደለም። ፖስታውን መልሰው እጄ ላይ አደረጉት። «እድር የሰጠውን መልሶ ተቀብሎ አያውቅም። በምን መዝገብ ላይ ልጽፈው ነው?»

የፖስታው ብር ለግማሽ ጣሪያ በቃ። ጎረቤት ሁሉ ለጉልበቱ መጣ፤ አያ ቢምረውም ወሬ ያደረሱበትን ለመካስ ነው መሰለኝ ማገሩን ብቻቸውን ተሸከሙት። አናጢው «ግማሽ ጣሪያ መትቼ አላውቅም፤ ስሜን ያጠፋል» ብሎ ትንሽ አንገራገረ። ከዚያ «በየትኛው ወገን ይሁን?» ብሎ እምዬን ጠየቃት። ሁላችንም በአልጋዋ ወገን እንደሆነ አስበን መሰላል አቁመናል።

እምዬ የቦሪትን ወገን አሳየች። «እሷ ልትወልድ ነው» አለች። «እኔ ወልጄ ጨርሻለሁ።» ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

የሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል እዚያው ነበርሁ። እምዬና እኔ በሣሩ ወገን በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። ማዶ ቆርቆሮው ይንደቀደቃል፤ ቦሪት ከሥሩ ደረቅ መሬት ላይ ቆማ ታመሰኳለች። በእኛ በኩል ጠብታ ጀመረ።

«ስማ ልጀ» አለችኝ እምዬ። «ወደፊት ሲጠሩህ መጀመሪያ ሂድና የሚሉህን ስማ። ሰምተህም ከፈራህ ለሰው ሳይሆን ለእኔ ንገረኝ። አብረን እንፈራለን።»

ሦስተኛው ጠብታ አንገቴ ላይ ሲያርፍ በርጩማዬን ይዤ ተነሣሁና ከቆርቆሮው ሥር፣ ከቦሪት አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁ። ቀንዷ ከጆሮዬ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ፈራህ?» አለችኝ።

«በጣም» አልኋት።

እሷም በርጩማዋን ይዛ መጣችና በመሀላችን ተቀመጠች።